ዲቪ ደርሶኝ ቪዛው ሳይደርሰኝ ቀረ፤ «የእግዚአብሔር ዕቅድ ነው» ሲሉኝ ምን ልበል?

ነርስ_ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም። አሁን ግን ከቤተሰቤም ከቤተ ክርስቲያኔም ውጭ የሆነ ሰው ሐሳብ ፈለግኩ።

ካቻምና ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ዲቪ ደረሰኝ። እናቴ እልል አለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ጠጣ። ወንድሜ ከሲያትል ደውሎ «የክረምት ጃኬት አይቼልሻለሁ» አለኝ። ኬዝ ነምበሬ (ተራዬን የሚወስነው ቁጥር) ግን ከፍ ያለ ነበር። ተራው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ የሚያሳውቀውን የቪዛ ቡሌቲን በየወሩ እከፍታለሁ። ቁጥሩ ይጠጋል፣ ይጠጋል፣ ከዚያ ይቆማል። እንዲህ እያለ መስከረም 20 አለፈ። የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዚያች ቀን ወዲያ የዚያ ዓመት ዲቪ የሚባል ነገር የለም። ለቃለ መጠይቅ እንኳን ሳልጠራ ቀረሁ።

በመሃል አንድ እንግዳ አገልጋይ ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ ነበር። ከሕዝቡ መሃል አስነሥቶ «አውሮፕላን አየሁልሽ፣ ዓመቱ ሳይዞር ትሻገሪያለሽ» አለኝ። አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። እኔም አሜን አልኩ።

አሁን እነዚያው አሜን ያሉ ሰዎች «ሁሉ ለበጎ ነው፣ የእግዚአብሔር ዕቅድ እዚህ ነው ማለት ነው» ይሉኛል። አምና ዕቅዱ መሄዴ ነበር። ዘንድሮ ዕቅዱ መቅረቴ ሆነ። በመካከሉ ምን እንደተለወጠ የሚነግረኝ ግን የለም።

የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። የምሠራበት ሆስፒታል ለአኔስቴዥያ (ለማደንዘዣ ሕክምና) ትምህርት ሊልከኝ ይፈልጋል። ወጪውን ይችላሉ፤ በምትኩ ስጨርስ ተመልሼ እንዳገለግል ውል እፈርማለሁ። መልስ የሚጠብቁት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ከፈረምኩ ለዓመታት እዚሁ ነኝ። ካልፈረምኩ እጄ ነጻ ነው፤ ግን ባዶም ነው።

«የራስሽን ፍላጎት ትተሽ በእሱ ዕቅድ ታመኚ» የሚለውን ሰምቻለሁ። እሺ። ዕቅዱ የቱ ነው? ሳላውቀው እንዴት ነው የምታመንበት?

ሻሎም_ለሁላችን

እህቴ አይዞሽ! ኤርምያስ 29፥11 ላይ ምን ይላል? ለእናንተ የማስባትን አሳብ አውቃለሁ፣ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ አይደለም ይላል። ጌታ ከአሜሪካ የተሻለ አዘጋጅቶልሻል። በርቺ፣ ተባረኪ።

ማንበብ_ይቀድማል

ሻሎም ወንድሜ፣ በቅን ልብ እንደጻፍከው አውቃለሁ። ጥቅሱም ለእህታችን ይሆናል። ግን ከላይና ከታች ያለውን ካነበብነው ነው የሚሆናት።

ይህ ቃል ደብዳቤ ውስጥ ነው ያለው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሰዎች የላከው ደብዳቤ። ከፍ ብሎ ቁጥር 10 ላይ «ሰባ ዓመት» ይላል። እስቲ አስቡት፤ ደብዳቤው ሲነበብ የቆመ አንድ የ30 ዓመት ሰው መመለሱን በዓይኑ አያይም። የሰላም አሳብ የተባለው ይህ ነው። «የምትፈልገው በቅርቡ ይሆንልሃል» የሚል ነገር የለበትም። እንዲያውም የማይሆንላቸው ሰዎች ናቸው የሰሙት።

አሁን ደግሞ አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ሂዱ። ምዕራፍ 28። ሐናንያ የሚባል የገባዖን ሰው በቤተ መቅደስ፣ በካህናትና በሕዝብ ሁሉ ፊት ቆሞ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» አለ። እግዚአብሔር እንዲህ ይላል ብሎ ነው የተናገረው። ኤርምያስ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «አሜን! እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለ። እሱም ይፈልገው ነበር። ከዚያ ሐናንያ፣ ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ የተሸከመውን ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው። ሕዝቡ አጨብጭቦ ይሆናል፣ አይጻፍ እንጂ። በኋላ ኤርምያስ «እግዚአብሔር አልላከህም» አለው። ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ።

ስለዚህ እህቴ፣ 29፥11 የተጻፈው እንዲህ ያለ አጭር ቀን ይነገር በነበረበት ዘመን ለተማረኩ ሰዎች ነው። ልክ እንዳንቺ ላለ ሰው።

ደብዳቤው ደግሞ ሻንጣችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ አይልም። ቤት ሥሩና ተቀመጡበት፣ አትክልት ትከሉና ፍሬዋን ብሉ፣ አግቡ፣ ልጅ ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። የተማረኩባትን ከተማ ነው የሚላቸው! ስለ ትምህርቱ ውል ምን እንደማስብ ከዚህ ይገባሻል።

ሐቀኛው

በእኔ በኩል ነገሩን ቀለል ላድርገው። ክርስቲያን ነኝ፣ እንዳትጠረጥሩኝ። ግን ይህ የዕቅድ ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። በቅርብ ዓመታት አሜሪካኖቹ በየዙሩ ከ100,000 በላይ ሰው «ደርሶሃል» ይላሉ። ቤተሰቡም ተቆጥሮ ማለት ነው። የሚሰጠው ቪዛ ቢበዛ 55,000 ነው። ለአንድ አገር ደግሞ ከ7 በመቶ አያልፍም። ከደረሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንደሚቀሩ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። ቁጥርሽን ከፍ ያደረገው ኮምፒውተር ነው። እግዚአብሔርን በማይመለከተው ጉዳይ አንክሰሰው።

ማንበብ_ይቀድማል

ሐቀኛው፣ ምሳሌ 16፥33ስ? ዕጣ በጉያ ይጣላል፣ ፍርዱ ግን ከእግዚአብሔር ነው ይላል። ዲቪ ደግሞ ዕጣ ነው፣ ምንም አታመልጥም።

ሐቀኛው

አያመልጠኝም። ግን ጥቅሱ የሚለው እሱ ይገዛዋል ነው። እኛ እናነበዋለን አይልም። በአገራችን ችግሩ ሁለተኛው ነው። አንዱ ቪዛ ሲመታለት «ጌታ ወደደኝ»፣ ሌላው ሲከለከል «ምን በድዬ ነው»። ሁለቱም ያላነበቡትን ደብዳቤ እየተረጎሙ ነው።

ዲያቆን_ዘደብረብርሃን

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። እኅታችን የሌላ ቤተ እምነት ልጅ መሆንሽ ገብቶኛል፤ ይህ ግን የሁላችንም ቤት ጣጣ ነው። እኛ ጋ ስለት ይባላል። ቁልቢ ገብርኤል ሄዶ «ዲቪው ከደረሰኝ ጥላ አስገባለሁ» የሚል ስንት አለ። የዲቪው ቀን ባለፈ ማግስት፣ መስከረም 21፣ ግሸን ማርያም ናት። አምባሰል ድረስ ወጥቶ ስለቱን የሚያስገባ አለ። «ለምን ነፈግሽኝ» ብሎ የሚያለቅስም አለ። አንድ ደጅ ላይ ነው የሚቆሙት።

ስለት ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሐናም ተስላለች። ግን 1ኛ ሳሙኤል 1ን ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ። ሐና አለቀሰች፣ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች፣ ካህኑ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት። ከዚያ ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም! የተሰጣት ነገር የለም። ሸክሙን አስረክባ ነው የወጣችው። መታመን የሚባለውን እኔ እዚያ ነው የማየው፤ ፊቷ ከተፈታ በኋላ፣ ማኅፀኗ ገና ሳይፀንስ ባለው ጊዜ።

ሌላው ደግሞ «ፍላጎትሽን ተዪ» የሚሉሽ ሰዎች ጌቴሴማኒን ቶሎ ይዘሉታል። ጌታችን መጀመሪያ የፈለገውን ተናገረ። ቢቻልስ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ አለ። አልደበቀም፣ አላሳመረም። ከዚያ በኋላ ነው «አንተ እንደምትወድ ይሁን» ያለው። ያልተናገርሽውን ፍላጎት አሳልፈሽ ልትሰጪ አትችዪም። አሜሪካ መሄድ ፈልጌ ነበር፣ አዝኛለሁ ብለሽ ንገሪው።

የቤሩት_እህት

ዲያቆን ቃለ ሕይወት ያሰማልን።

እኔ ትንሽ መረር ያለ ነገር ልናገር ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሊባኖስ በሰው ቤት ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። እናቴ ስትሞት ፓስፖርቴ ማዳም እጅ ነበር። አልሰጥም አለች። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። በዚያ ሰሞን አንዲት የምታውቀኝ ሴት ደውላ «የጌታ ዕቅድ ነው፣ አንድ ነገር ሊያስተምርሽ ነው» አለችኝ። ፓስፖርቴን የቆለፈችበት ማዳም ናት። ጌታ አይደለም። ሰው የሠራውን ግፍ በእግዚአብሔር ስም መፈረም ምን የሚሉት እምነት ነው?

ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ዮሴፍን አነበብኩ። ዘፍጥረት 50፥20። «እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ያለው ማነው? ዮሴፍ ራሱ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው። ያውም ከስንት ዘመን በኋላ፣ አባቱን ከቀበረ በኋላ። ወንድሞቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብለው እንጀራቸውን እየበሉ «አይዞህ ዮሴፍ፣ የእግዚአብሔር ዕቅድ ነው» ቢሉት ምን ይባላል? ቃሉ አንድ ነው። ከማን አፍ እንደወጣ ነው ልዩነቱ።

የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ ጊዜ ነው ጥሩ የነበሩት። አፋቸውን ሲከፍቱ ተበላሸ።

እና ነርስ፣ «ለበጎ ነው» የሚለውን አንቺ ራስሽ አንድ ቀን ትዪው ይሆናል። ላትዪውም ትችያለሽ። ሌላ ሰው እንዲልልሽ ግን አትጠብቂ፣ ሲልሽም አትጨነቂ።

ሻሎም_ለሁላችን

የቤሩት እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ከላይ የጻፍኩትን ያየሁበት ዓይን ሌላ ነበር፤ ለማጽናናት ነው። ግን ዝም እንበል ማለት ነው? ያዘነ ሰው ፊት ተስፋ አንናገር?

የቤሩት_እህት

አሜን ወንድሜ። ተናገር፣ ለምን ዝም ትላለህ። እግዚአብሔር አይተውሽም በል፣ እሱን ሰምቼ ተጽናንቻለሁ። «ይህ የሆነው እንዲህ እንዲሆን ነው» የሚለውን ብቻ ተወው። እሱን አታውቀውም።

ጋሼ_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ልጄ፣ እኔ በ90ዎቹ በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝ። በፈረንጅ 90ዎቹ። ስለዚህ «ደረሰህ» የተባልኩት ወገን ነኝ።

በየእሁዱ እዚህ ምስክርነት እንሰማለን። ቪዛው የመጣለት ይወጣል፣ ግሪን ካርዱ የታደሰለት ይወጣል፣ ቤት የገዛ ይወጣል። ያልመጣለት ሰው ማይክ ተሰጥቶት አይቼ አላውቅም። እንዲህ ስንኖር ሳይታወቀን አንድ ትምህርት ተምረናል፤ የእግዚአብሔር ዕቅድ ማለት የተሳካ ነገር ማለት ነው የሚል። ማንም በስብከት አላስተማረንም። በማይክ አሰጣጥ ነው የተማርነው።

እዚህ የመጣ ሁሉ ደግሞ ተሳካለት ማለት አይደለም። ነርስ ነሽ አይደል? ስትመጪ በማግስቱ ነርስ አትሆኚም። የትምህርት ማስረጃሽ ይገመገማል፣ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባል ፈተና አለ። እስከዚያ ሽማግሌ ተንከባክበሽ፣ ፓርኪንግ ሠርተሽ ትኖሪያለሽ። ብዙዎች ተወጥተውታል። «እስከዚያ» የሚለው ዕድሜያቸውን የበላባቸውንም አውቃለሁ። ባሏ እዚህ፣ ልጆቿ አዲስ አበባ የቀሩባትንም አውቃለሁ። እነዚህ ከዕቅዱ ወጥተዋል ልበል? አልልም። አሜሪካ መቅረት የቅጣት ምልክት አይደለም፣ መምጣትም የሽልማት ምልክት አይደለም። አገር ነው።

ነርስ_ከአዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ኤንክሌክሱን አውቀዋለሁ፤ መጽሐፉን ካወረድኩት ቆይቷል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ያ አገልጋይ። ዋሽቶኛል ብዬ ላስብ? ወይስ እኔ ነኝ ያላመንኩት? አንዳንዶች «ተጠራጥረሽ ይሆናል» አሉኝ።

ከዋሻው_ማዶ

ከመጀመሪያውም እነዚህ የዘመኑ ነቢያት የሚባሉት…

አወያይ

ሁለት መልእክት አንሥቻለሁ፣ አንዱን ከላይ ቆርጬዋለሁ። የእናንተ ቤተ እምነት፣ የእኛ ቤተ እምነት የሚል ጸብ እዚህ አይሆንም። የጠየቀችው እህት አለች፣ ለእሷ መልሱ።

ማንበብ_ይቀድማል

እመልሳለሁ። ዘዳግም 18፥22 አጭር ነው። በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ካልሆነ፣ እግዚአብሔር ያልተናገረው ነው፤ አትፍራው ይላል። ሰሚው ተጠራጥሮ ይሆናል የሚል መውጫ አልተወለትም። ስለዚህ ጥፋቱን አንቺ ጋ ለማምጣት የሚሞክር ካለ መልስሽ እዚያ አለልሽ።

ዋሽቷል ወይ ላልሽው ግን ሁልጊዜ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። 2ኛ ሳሙኤል 7ን አንብቢ። ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ልሥራ ብሎ አሰበ። ናታን፣ እውነተኛው ነቢይ፣ «እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነውና በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ» አለው። መልካም ሰው፣ መልካም ሐሳብ፣ መልካም ቃል። ስህተት። በዚያው ሌሊት የእግዚአብሔር ቃል ወደ ናታን መጣ፤ ቤቱን የሚሠራው ልጁ ነው አለው። ናታንም ተመልሶ ሄዶ ለዳዊት ነገረው። የእውነተኛ አገልጋይ ምልክት ለእኔ ይህ ተመልሶ መሄዱ ነው። ያ እንግዳ ተመልሶ ወደ ቤተ ክርስቲያናችሁ መጥቶ «እህቴ፣ ያልኩሽ አልሆነም» ካለ እጁን እስመዋለሁ።

ዳዊት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የርእሱ ልብ እዚያ ይመስለኛል። 1ኛ ነገሥት 8፥18 ላይ ሰሎሞን ሲናገር፣ እግዚአብሔር ለዳዊት «ይህን በልብህ ማሰብህ መልካም አደረግህ» ብሎት ነበር ይላል። ፍላጎቱ ተመሰገነ፣ ተከለከለም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። እኛ ግን የተከለከልነውን ሁሉ መጀመሪያውኑ መፈለጋችን ኃጢአት ነበር እንላለን። ከዚያስ ዳዊት ምን አደረገ? አኩርፎ አልተቀመጠም። 1ኛ ዜና 22 ላይ ድንጋዩን፣ ብረቱን፣ ናሱን፣ የዝግባ እንጨቱን ሰበሰበ። ለማይሠራው ቤት።

የነቀምቴ_ልጅ

ማንበብ እንዳለው ስሰማ ኦኔሲሞስ ነሲብ ትዝ አለኝ። ወለጋ ያደገ ሁሉ ስሙን ያውቃል፤ ሌላው ግን ብዙ አያወራለትም።

ልጅ ሆኖ ኢሉባቦር ውስጥ ተሰርቆ በባርነት ተሸጠ። በ1870 (ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ስዊድን ሄዶ ተማረ። አንድ ፍላጎት ነው የነበረው፤ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ ወንጌል መንገር። ከዚህ የበለጠ «የእግዚአብሔር ዕቅድ» የሚመስል ፍላጎት ካለ ንገሩኝ። በ1881 በሱዳን በኩል ተነሣ። እስከ አሶሳ ደረሰ፣ ወለጋ ደጃፍ ማለት ነው። ከዚያ እንዲመለሱ ተገደዱ። ካርቱም ላይ በንዳድ ታመመ። በኋላም ሞክሮ መንገዱ ተዘጋ።

ያን ሁሉ ጊዜ ምጽዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ በምትባል ስፍራ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም ነበር። እሱ ብቻውን አልነበረም። አስቴር ጋኖ የምትባል፣ እሷም ከባርነት ነጻ የወጣች ወጣት፣ ቋንቋውን ከእሱ የበለጠ ታውቅ ነበርና አብራው ሠራች። እሱ ልጅ ሆኖ ነበር ከአገሩ የወጣው፣ ብዙ ቃል ጠፍቶበታል። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ታተመ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ። መጽሐፉን ይዞ።

በ1881 ቢገባ ኖሮ ባዶ እጁን ነበር የሚገባው።

ሐቀኛው

ታሪኩ ያስደስታል፣ አከብረዋለሁ። ግን አየህ፣ የምንነግረው መጨረሻው ስላማረ ነው። ካርቱም ላይ በንዳድ የሞተ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ሌላ ሰው የለም? ለእሱስ ዕቅዱ ምን ነበር?

የነቀምቴ_ልጅ

ልክ ነህ፣ አለ። መልስ የለኝም።

ግን ለእህታችን የጻፍኩላት መጨረሻውን እንድትጠብቅ አይደለም። ኦኔሲሞስ ምንኩሉ ላይ በነበረበት ጊዜ መጨረሻውን አያውቅም ነበር። 1904 እንደሚመጣ የነገረው የለም። ሲተረጉም የነበረው ለመግባት ፈቃድ ስላገኘ ሳይሆን ያ ሥራ በእጁ ስለነበረ ነው። መግባቱንም መፈለጉን አልተወም። እኔ የምደነቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ይዞ ኖረ።

ዲያቆን_ዘደብረብርሃን

ሐቀኛው ያነሣው ከባድ ነው፣ ቶሎ አንለፈው። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ እስጳንያ እሄዳለሁ ብሎ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል። መጽሐፍ ደረሰ አይለንም። ሮሜ ራሷን ደግሞ እንዴት እንዳያት ታውቃላችሁ፤ ታስሮ፣ መርከብ ተሰብሮበት። ልመጣ ብዙ ጊዜ አስቤ ተከለከልኩ ያላት ከተማ ናት። ሐዋርያው እንኳን ዕቅድ ያወጣ ነበር፣ ዕቅዱም ይሰረዝበት ነበር። ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው። መውጊያው አልተነሣም።

የልጆች_እናት

እኔ እንደናንተ ብዙ አላነበብኩም። ግን ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ አንድ ሰው አልጠየቃትም። ልጄ፣ ትምህርቱን ትወጂዋለሽ? አኔስቴዥያውን?

ነርስ_ከአዳማ

እትዬ፣ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴም።

እወደዋለሁ። እኛ ጋ ማታ ለኦፕሬሽን የምትመጣ እናት ካለች መጀመሪያ የሚጠየቀው «አኔስቴዥያ ማን ነው ተረኛው» ነው። ሐኪሙ ቢኖር፣ ክፍሉ ቢኖር፣ ያ ሰው ከሌለ ምንም የለም። ሪፈር ይባላል፣ አምቡላንስ ይፈለጋል። ያ ሰው መሆን ከተማሪነቴ ጀምሮ ነው የምፈልገው።

ግን ይኸውላችሁ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው የምፈራው። አሜሪካንም እፈልግ ነበር፣ አልሆነም። አሁን ይህን ስፈልግ ደግሞ ራሴን እያጽናናሁ ይሆን? የእሱ ፈቃድ ሁልጊዜ እኔ የማልፈልገው ነገር ይመስለኛል። እንደዚያ ነው ያደግሁት።

የልጆች_እናት

እንግዲህ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ልጅ ሆነን የምንፈራው «ጌታ ሆይ ፈቃድህ ይሁን» ካልን ወደማንፈልግበት ይልከናል ብለን ነበር። ወልጄ ሳሳድግ ተውኩት። እኔ ለልጆቼ የማስበው የሚጠሉትን ነገር ፈልጌ ነው እንዴ? አንዳንዴ እከለክላለሁ፣ ያለቅሳሉ። ሁልጊዜ ግን የማስለቀስ ሥራ የለኝም።

ማንበብ_ይቀድማል

እትዬ በአንድ አንቀጽ ጨረሱት። ፊልጵስዩስ 2፥13 ላይ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል። መፈለግንም። የሚሻው ማድረጋችንን ብቻ አይደለም።

ሐቀኛው

በዚህ እስማማለሁ። ዛሬ ቀኑ ይጻፍ።

ነርስ፣ ወደ መሬት ልውረድና፤ ውሉን በደንብ አንብቢው። ስንት ዓመት ግዴታ ነው? ካቋረጥሽ ምን ያህል ትከፍያለሽ? ማስረጃሽን ይይዛሉ? ወደፊት ዲቪ ተከፍቶ ብትሞዪና ቢደርስሽ ምን እንደሚሆን ከፊርማው በፊት እወቂው። በእግዚአብሔር መታመን ውል ሳያነቡ መፈረም አይደለም።

ሻሎም_ለሁላችን

ዲቪውን ትሙላ ትላለህ እንዴ? ከእንግዲህ ያንን በር ዘግታ ወደ ፊት ብትሄድ አይሻልም? ልብ ሁለት ቦታ ከሆነ መታመን የቱ ላይ ነው?

ጋሼ_ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ትሙላ እንጂ ልጄ፣ ምን ችግር አለው። ያዕቆብ 4 ላይ የተወቀሱት ነጋዴዎች ዕቅድ ስላወጡ አይደለም። እንዲህ ያለች ከተማ እንሄዳለን፣ ዓመት እንቀመጣለን፣ እናተርፋለን ብለው ነገን በኪሳቸው ስላስገቡ ነው። «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም ይህን ወይም ያን እናደርጋለን» በሉ ነው የተባሉት። ይህን ወይም ያን። ሁለቱንም ጠቅሷል። አንዱን እጅሽ ላይ ያለውን ትሠሪያለሽ፣ ሌላውን ጊዜው ሲመጣ ታዪዋለሽ። በየወሩ ቡሌቲን እየከፈትሽ እንቅልፍ የምታጪ ከሆነ ግን ይቅርብሽ። ያንቺን ልብ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ደግሞ የአኔስቴዥያ ትምህርት የትም ብትሄጂ የሚጠፋ ዕውቀት አይደለም።

የቤሩት_እህት

ነርስ፣ እንደ አንቺ ያለ ሰው ነበር የሚያስፈልገን። እህቴ ወልዳ ሪፈር ከተባሉት አንዷ ናት። ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ጫና እንዳይሆንብሽ።

ነርስ_ከአዳማ

ይቅርታ ዘገየሁ፣ የማታ ተራ ነበርኩ።

ውሉን አምጥቼ አነበብኩት። የሰው ሀብት ቢሮ ሄጄ ያልገባኝንም ጠየቅኩ። እፈርማለሁ። ቃል መጥቶልኝ አይደለም፣ ምልክትም አላየሁም። ልቤ አሁንም ቡሌቲኑ በሚወጣበት ሰሞን ደንገጥ ይላል። ትናንት በጸሎቴ ዲያቆን እንዳሉት ነገርኩት፤ መሄድ ፈልጌ ነበር፣ ከፍቶኛል አልኩት። «ለበጎ ነው» አላልኩም። እሱንም አልዋሸሁት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ዋስ አምጪ ብለውኛል። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው። ወንድሜ ውጭ ነው፣ እናቴ ጡረተኛ ናት።

የልጆች_እናት

አዳማ ነሽ አላልሽም? እኔም አዳማ ነኝ፣ መምህር ነኝ። በግል ጻፊልኝ፣ መጀመሪያ ቡና እንጠጣ።

ሐቀኛው

ዋሱም የጌታ ዕቅድ ነው እንዳትሉ ብቻ።

ማንበብ_ይቀድማል

ምሳሌ 6፥1 ዋስ ስለ መሆን ምን እንደሚል ለእትዬ ልጥቀስላቸው ወይስ ልተወው?

የልጆች_እናት

ተወው።